ዳኛው የፈቀደልኝን አይአርኤስ ለምን ይከለክለኛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከልጄ እናት ጋር በ2022 ተፋተናል። ልጃችን 9 ዓመቷ ነው። ውሳኔው ላይ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ እንደ 2025 ባለው ጎዶሎ ዓመት እኔ ታክስ ላይ እንዳስገባት፣ እንደ 2026 ባለው ደግሞ እናቷ እንድታስገባት ተጽፏል። አንድ ሳምንት እያለፈ ዓርብና ቅዳሜ ማታ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ፣ ሰመር ላይ ደግሞ ስድስት ሳምንት እኔ ጋ ታድራለች። ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ) አንድ ወር አሳልፌ አላውቅም። የ2025ን ታክስ ልጄን አስገብቼ፣ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር) ብዬ ብልክ ሪጀክት ሆነ፣ አልቀበልም ተባለ። እናቷ ቀድማ አስገብታታለች። ሽማግሌዎች ፊት ግን ‹ይሁን› ብላ ነበር። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ‹ዳኛው ፈቅዶልሃል፣ አትመን በፖስታ እንላከው› ይለኛል። ደግሞ እናቷ የሌሊት ሺፍት ስለምትሠራ ልጅቷ ብዙ ሌሊት የምታድረው ከአያቷ ጋር ነው። ይሄስ ለእኔ አያግዘኝም ወይ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት በፖስታ እንዳትልከው። ሪጀክት የሆነ ታክስ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ እስካሁን ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እንዳለ አትመህ ከላክኸው ግን ገባ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረደላችሁ ዳኛ የሜሪላንድ ዳኛ ነው። ልጅቷን ታክስ ላይ ማን ያስገባ የሚለው ግን የፌዴራል ሕግ ነው፣ የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስም የካውንቲ ፍርድ ቤት በጻፈው አይታሰርም። ድሮ የፍቺውን ውሳኔ ገጾች ከታክሱ ጋር አያይዞ መላክ፣ አጻጻፉ የሚፈለገውን ካሟላ፣ ያስኬድ ነበር። ከ2008 በኋላ ለወጡ ውሳኔዎች ይሄ ቀርቷል። የእናንተ የ2022 ነው። ስለዚህ አይአርኤስ አንተን የሚጠይቅህ ሁለት ነገር ነው፦ ልጅቷ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሌሊት ያደረችው ማን ቤት ነው? አንተ ቤት ካልሆነ ደግሞ፣ ብዙ ሌሊት ያደረችበት ወላጅ ልጁን ታክስ ላይ ማስገባቱን ለሌላኛው ወላጅ የምትለቅበት ፎርም 8332 ላይ ፈርማ ሰጥታሃለች ወይ? አለቀ። ገንዘብ ማን አወጣ፣ ማን ጥሩ አባት ነው፣ ሽማግሌ ምን አለ፣ ማን ቀድሞ ላከ አይልም።

እስቲ ሌሊቱን አብረን እንቁጠር። አንድ ሳምንት እያለፈ ዓርብና ቅዳሜ ማለት በዓመት 26 ጊዜ ሁለት ሌሊት፣ 52 ነው። ረቡዕ በየሳምንቱ ሌላ 52። እዚህ ድረስ 104። ሰመር ስድስት ሳምንት 42 ሌሊት ነው፣ ግን ከዚያ ውስጥ 12ቱን፣ ማለትም ስድስት ረቡዕና የሦስት ሳምንት ዓርብ ቅዳሜን፣ ቀድመን ቆጥረናቸዋል፤ የሚጨመረው 30 ብቻ ነው። ድምሩ 134። እናቷ ጋ 231 ቀረ። የገናን ዕረፍት ሳምንት ሙሉ ብትጨምርበት እንኳ ለ183 ብዙ ይቀርሃል። ስለዚህ ለታክስ ጉዳይ አሳዳጊዋ እናቷ ናት፣ አንተ ሌላኛው ወላጅ ነህ። ስሙ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ልጅህን አታሳድግም ማለት አይደለም፣ የሌሊት ሒሳብ ነው።

የአያቷ ነገር፣ በሐሳብህ የሄድክበት ገብቶኛል፣ ግን አይሠራም። አያቷ እናቷ ቤት መጥታ የምታድር ከሆነ ልጅቷ ያደረችው እናቷ ቤት ነው፣ እናቷ በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ቆማ ብትሠራም ለእናቷ ይቆጠራል። ልጅቷ አያቷ ቤት ሄዳ የምታድር ከሆነም ጥያቄው «ያን ሌሊት ሥራ ባይኖር ማን ጋ ታድር ነበር?» ነው። የእናቷ ቀን ከነበረ ለእናቷ ነው። ጓደኛዋ ቤት ስታድር፣ ካምፕ ስትሄድም እንደዚያው፤ በአንተ ሳምንት ካምፕ ከሄደች ለአንተ ነው የሚቆጠረው። ሌላም አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። እናትየዋ ሌሊት ስለምትሠራ ልጅቷ አንተ ቤት ነበር የምታድረው እንበል፣ በሌሊት ብዛት አንተ ትበልጣለህ። ሕጉ ያኔም ሌሊት ለምትሠራው ወላጅ የተለየ ቦታ ይሰጣል፦ ልጅቷ ብዙ ቀን የምትውለው እሷ ጋ ከሆነ በቀን ይቆጠርላታል፣ የትምህርት ቀን ሲሆን ደግሞ ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው አድራሻ የማን ነው ተብሎ ይታያል። ነርስና የነርስ ረዳት፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ የኤርፖርት ሠራተኛ በበዛበት በእኛ ሰፈር ይሄ ብዙ ቤት ይነካል።

ቻይልድ ሰፖርቱን በተመለከተ። ሳታስተጓጉል መክፈልህ ያስመሰግንሃል፣ ለታክሱ ግን ምንም አያደርግልህም። አንተ ከገቢህ ላይ አትቀንሰውም፣ እሷም ገቢ ብላ አታስመዘግበውም። «ወጪዋን የምችለው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የእኔ ናት» የሚለው ክርክር አንተ ዓይነት ጉዳይ ላይ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም እናትየዋ ያ ፎርም ላይ ብትፈርም እንኳ የሞላኸው ታክስ ስህተት ነበረበት። ሰው ልጅ ታክስ ላይ ማስገባትን አንድ ነገር አድርጎ ያስባል። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነገር ነው፣ እና 8332 ሁሉንም ይዞ አይሻገርም። ለአንተ የሚያሻግረው ቻይልድ ታክስ ክሬዲቱን፣ ማለትም በልጅ ምክንያት ከምትከፍለው ታክስ ላይ የሚቀነስልህን ነው፣ ለ2025 ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ አይሻገርም። እሱን ለማለት ልጅቷ ከግማሽ ዓመት በላይ ቤትህ መኖር አለባት፣ አልኖረችም፣ ስለዚህ አንተ ሲንግል ነህ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፦ የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን፣ ማለትም ታክስ ሳይሰላ ከገቢህ ላይ የሚነሳው፣ ለሲንግል 15,750 ነው፣ ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 23,625። በልጅ የሚገኘው ኧርንድ ኢንካም ክሬዲትም (ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠው) አይሻገርም። የዴይኬርና የአፍተር ስኩል ወጪ ክሬዲትም አይሻገርም። እነዚህ ሁሉ፣ ብትፈርምልህም ባትፈርምልህም፣ እናትየዋ ጋ ይቀራሉ።

ታክስ የሚሠራልህ ሰውዬ ሌሊቱን ሳይጠይቅህ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ሞልቶልህ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው ፈልግ። ይሄንን የመጠየቅ ግዴታ አለበት፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሞላው ፎርም 8867 የሚባል አለ። የሠራልህ ሰው ስሙንና የፒቲን ቁጥሩን (አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን መለያ) አስፍሮ የማይፈርም ከሆነማ ጨርሶ ራቀው። ደብዳቤው ሲመጣ የሚመጣው አንተ ቤት ነው፣ እሱ ስልክ አያነሳም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? እኔ ብሆን በመጀመሪያ የልጄን እናት በቀጥታ አናግራት ነበር፣ ግን በቁጥር። ብዙ እናቶች 8332 ላይ መፈረም የማይፈልጉት ሁሉንም የሚያጡ መስሏቸው ነው። «ሪፈንዴን በሙሉ ሊወስድብኝ ነው» ብላ የምታስብን ሴት «ዳኛው ብሏል» ብትላት ምን ይገባታል? ይልቅ አስረዳት። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ የአንቺው ነው በላት። ገቢዋ የሚፈቅድ ከሆነ ኧርንድ ኢንካሙም የእሷው ነው፣ ለ2025 በአንድ ልጅ እስከ 4,328 ይደርሳል። የአፍተር ስኩሉም የእሷው ነው። የምትለቀው ያንን 2,200 ነው። ገቢዋ ዝቅ ያለና የምትከፍለው ታክስ የሌለባት ከሆነ ደግሞ ከ2,200ው በእጇ የሚገባው ቢበዛ 1,700 ነው፤ አንተ ግን የምትከፍለው ታክስ ከዚያ የማያንስ ከሆነ ሙሉውን ታገኘዋለህ። ተስማምተው አንዱ ወስዶ ለሌላው የሚያካፍሉ የተፋቱ ወላጆች አሉ። ምንም ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን አትሸፋፍንባት። የ2025ቱን አስቀድማ ልካለች። አሁን ብትፈርምልህ የላከችውን በማስተካከያው ፎርም በ1040-ኤክስ አስተካክላ ያገኘችውን ቻይልድ ታክስ ክሬዲት መመለስ አለባት። ያ ገንዘብ ለመኪና ወይ ለኪራይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ካስተካከለች ወለዱ ያንሳል። ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ «የ2025ቱን ተዪው፣ በምትኩ የ2026ን ፈርሚልኝ» ማለት ከሁለታችሁም ራስ ምታት ያድናል። ዓመቱን መቀያየር ነው እንጂ የምታጣው የለም። እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው ይሄንን ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊት «ይሁን» ማለቷን አምንሃለሁ። ግን በቃል ያለ ይረሳል የሚለው ተረት የተተረተው ለአይአርኤስ ይመስላል። ሽምግልናችን ጥሩ ነገር አለው፣ ሰው ያስታርቃል፣ ልጅ ከመሃል እንዳይቀደድ ያደርጋል። ታክስ ላይ ግን ቃሉ አይያዝም። ሽማግሌዎቹ እንደገና የሚቀመጡ ከሆነ 8332ን አትመህ ይዘህ ሂድ፣ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። የመጀመሪያው ክፍል ለአንድ ዓመት ብቻ የምትለቅበት ነው፦ የልጅቷ ስም፣ ዓመቱ፣ የእናቷ ፊርማ፣ የእናቷ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ቀኑ። ሁለተኛው ክፍል ለወደፊት ዓመታት ነው፣ እዚያ «2027፣ 2029፣ 2031» ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ይቻላል። «ወደፊት ላሉት ዓመታት ሁሉ» የሚል እንዳታስፈርማት፣ ውሳኔያችሁ እንደዚያ አይልም፣ እሷም ነገ ሰው ሲነግራት ትቆጣለች። ሦስተኛው ክፍል የሰጠችውን መልሳ የምትሽርበት ነው፣ ግን ሽራ ብታስታውቅህ የሚሠራው ካስታወቀችህ በኋላ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ነው፣ ወደ ኋላ አይሄድም።

እምቢ ካለችስ? ክርክርህ ከአይአርኤስ ጋር አይደለም። ፍርዱን ወደ ሰጠው ሰርኪዩት ኮርት ተመልሰህ «ትእዛዙን አላከበረችም» ብለህ ታመለክታለህ። ዳኛው አይአርኤስን ማዘዝ አይችልም፣ እሷን ግን ፈርሚ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ጠበቃ መቅጠር የግድ ላይሆን ይችላል፣ የሜሪላንድ ሰርኪዩት ኮርቶች በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ነጻ ምክር የሚሰጥ ማዕከል አላቸው፣ ማመልከቻውን እንዴት እንደምትሞላ ያሳዩሃል።

እስከዚያው ጊዜው እንዳያልፍብህ። ኤፕሪል 15 ከመድረሱ በፊት ታክስህን ያለ ልጅ፣ ሲንግል ብለህ አስገባ። ፊርማው በኋላ ሲገኝ በ1040-ኤክስ አስተካክለህ ክሬዲቱን ትጠይቃለህ፣ ለዚህ በመደበኛው ሦስት ዓመት አለህ። ልትፈርም ነው፣ ትንሽ ቀን ብቻ ነው የቀረው የምትል ከሆነ ደግሞ በፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ማስረዘም ይቻላል፣ ግን የሚረዝመው መላኪያው ነው እንጂ መክፈያው አይደለም። የሚቀርብህ ታክስ ካለ በኤፕሪል 15 ክፈል። የሜሪላንዱ ታክስም ልጅን በተመለከተ የፌዴራሉን ነው የሚከተለው።

ፎርሙን ፈርማ ከሰጠችህ በኋላ በየዓመቱ ከታክስህ ጋር ታያይዘዋለህ። በኢንተርኔት ስትልክ ፕሮግራሙ ፒዲኤፍ የሚቀበል ከሆነ እዚያው አያይዝ፣ ካልሆነ በፎርም 8453 ሸፍነህ በፖስታ ትልከዋለህ። ኮፒ አስቀር። እሷ ቀድማ ልጅቷን ያስገባች ቢሆንም እንኳ፣ 8332 በእጅህ ካለ፣ ከአይአርኤስ የሚሰጠውን የአይፒ ፒን ቁጥር (ማንነትህን የሚያረጋግጥ የሚስጥር ቁጥር) አውጥተህ በእሱ ብትልክ ከ2024 ታክስ ጀምሮ ሲስተሙ ይቀበላል፣ ድሮ ግን ወረቀት ብቻ ነበር መንገዱ። እሷ በበኩሏ ፈርማም ልትሳሳት ትችላለች፦ ፕሮግራሙ «ይህን ልጅ ለሌላኛው ወላጅ በ8332 ለቀሻል?» ሲላት «አዎ» ማለት አለባት። «አይደለም» ብላ ካለፈች ሁለታችሁም ያስገባችሁ ትሆናላችሁ። ግማሹ የማየው ጠብ ከተንኮል ሳይሆን ከዚች አንድ ሳጥን የሚመጣ ነው።

ሁለታችሁም አስገብታችሁ ዝም ብትሉ ምን እንደሚሆን ልንገርህ፣ «መጀመሪያ የላከ ይወስዳል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። መጀመሪያ የላከ መጀመሪያ ገንዘቡን ያገኛል፣ ያ ብቻ ነው። በኋላ አይአርኤስ ሲፒ87ኤ የሚባል ደብዳቤ ለሁለታችሁም ይልካል፦ አንድ ልጅ ሁለት ቦታ ገብቷል፣ የተሳሳታችሁ አስተካክሉ፣ ልክ ከሆናችሁ ምንም አታድርጉ ይላል። ሁለታችሁም «ልክ ነኝ» ካላችሁ ማስረጃ አምጡ ይባላል። ማስረጃ ማለት የልጅቷን ስም፣ የወላጅን አድራሻና ቀኑን የያዘ ወረቀት ነው፦ ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም ቤት፣ ከአከራይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ፣ የድርጅቱ ስምና አርማ ባለበት ወረቀት ላይ። ሰንበት ትምህርት ቤት የምትማር ከሆነ እዚያ የተመዘገበው አድራሻ የማን ነው? የእናቷ ከሆነ አንተ ይዘኸው የምትሄደው ነገር የለም። አይአርኤስ አውቀህ ወይ በግዴለሽነት ነው ያደረግኸው ካለ ክሬዲቶቹን ለ2 ዓመት ያግድሃል፣ ማጭበርበር ነው ካለ ለ10 ዓመት። የማይገባህን 2,200 ብለህ በሚቀጥለው ጎዶሎ ዓመት የሚገባህንም ታጣለህ።

ይሄን ለምታነቡ ለሌሎቻችሁ ሦስት ነገር ልጨምር፣ ጥያቄው ስለሚደጋገም። «ሃምሳ ሃምሳ ነን» የምትሉ፣ ዓመቱ 365 ስለሆነ አንዳችሁ በአንድ ሌሊትም ቢሆን ትበልጣላችሁ። ስልካችሁ ካሌንደር ላይ በየሌሊቱ ምልክት አድርጉ። እንደ 2024 ባለው 366 ቀን ባለበት ዓመት እውነተኛ እኩል ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ የሚያሸንፈው ገቢው የሚበልጠው ነው። ሁለት ልጅ ኖሯችሁ አንድ አንድ የተካፈላችሁ ደግሞ፣ መካፈሉ ችግር የለውም፣ ግን ሁለቱም ልጆች የሚያድሩት አንዱ ቤት ከሆነ ሌላው 8332 ይፈልጋል፣ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድም አይልም። በሽማግሌ ተለያይታችሁ በፍርድ ቤት ያልተፋታችሁም አላችሁ። እናንተ በሕግ አሁንም ባልና ሚስት ናችሁ፣ «ሲንግል» ብሎ መሙላት አይቻልም። ቢያንስ የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወር ለየብቻ ኖራችሁ፣ ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ እናንተ ጋ ኖሮ፣ የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ የከፈላችሁ ከሆነ ግን ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ይፈቀዳል።

ወደ አንተ ልመለስና ልጨርስ። ውሳኔህን አውጥተህ አንድ መስመር ፈልግልኝ። ብዙ የሜሪላንድ ውሳኔዎች «አባት ጎዶሎ ዓመት ላይ ያስገባል» ካሉ በኋላ «በዲሴምበር 31 የቻይልድ ሰፖርት ውዝፍ ከሌለበት» የሚል ይጨምራሉ። እንደዚያ የሚል ከሆነ ፍርድ ቤት ስትሄድ የ2025ን የክፍያ ዝርዝር ከቻይልድ ሰፖርት ቢሮው አሳትመህ ያዝ፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ደመወዝህ ላይ በቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ የዲሴምበሩ ክፍያ የገባው በጃንዋሪ አለመሆኑን እይ። አሠሪው ዘግይቶ ልኮ ውዝፍ ያለበት መስሎ የታየ ሰው ገጥሞኛል፣ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር አስተያይቶ ማስረዳት ነበረበት።